መርዶው እስኪደርስ ሴል ስናቀጥን

እኔ ነገር መደበቅ አልችልበትም። ቀሚስሽ አላማረብሽም፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ ልጅሽ ባለጌ ነው እላለሁ። እናቴ በዚህ ምክንያት ሰርግ ይዛኝ መሄድ ትታለች። እንግዲህ ያን ቀን ከሰው ሁሉ እኔን ዝም በይ ማለታቸው እስካሁን ይገርመኛል። መርጠውኝ እንኳን አይደለም። መርዶው የሚጠብቃት ሴት አጠገብ ከኔ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሃይስኩል ጨርሼ ኮሌጁን ዛሬ ነገ እያልኩ የምጓተትበት ጊዜ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም። ሴንት ፖል ከተማ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ምግብ ቤት አስተናገድኩ፣ ሰለቸኝ። ኤርፖርት ዊልቸር ገፋሁ፣ እሱም ሰለቸኝ። እናቴ ተስፋ ስትቆርጥ ነው እትዬ «ለኔ ስጪኝ፣ እኔ ጋ ትቀመጣለች» ብላ እሷ የምትሠራበት ቤት ያስገባችኝ። እትዬ የምላት የእናቴን የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ነው። እዚህ ከተወለደች ልጇ ጋር ክሪስታል በምትባል ትንሽ ከተማ ትኖር ነበር። የመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስላት ሳቀች።

«አንቱታሽን ለቤተ ክርስቲያን አስቀምጪው። እዚህ ያስረጀኛል፣ አንቺ በይኝ።»

ጠዋት ጠዋት ከክሪስታል ተነስታ ሲዋርድ ሰፈር እኛ በር ላይ ጥሩምባ ሳታሰማ ትቆማለች፣ እኔ ግማሽ ፀጉሬን አበጥሬ እወጣለሁ፣ ወደ ሴንት ፖል እንሄዳለን።

የምንሠራበት ቤት ሴል አሳድጎ የሚሸጥ ነበር። አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ሰዎች፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ በልኩ የተዘራ ሴል ይፈልጋሉ፤ እኛ እንዘራላቸዋለን። ሥራው በሙሉ «በልኩ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ሴሉ ከበዛ ተጨናንቆ ይሞታል። ካነሰ ደግሞ ብቻውን ማደግ አይወድም፣ እንደ ሐበሻ ነው ትላለች እትዬ። ስለዚህ ጠዋት ሴሉን ካደገበት ፍላስክ ከሚባል ጠርሙስ አላቅቀን ፈሳሽ ውስጥ እንበትነዋለን፣ ጠብታ ወስደን በማይክሮስኮፕ እንቆጥራለን፣ ከዚያ ሚዲያ በምንለው ሮዝ መልክ ባለው ምግቡ እስከተፈለገው ድረስ እናቀጥነዋለን።

ማቅጠኑ እኔን መከራ ያበላኝ ነበር። ቀመሩን ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። እኔ ቀመር ሳይ ዓይኔ ይደርቃል። አንድ ቀን እትዬ ወረቀቱን በእጇ ሸፈነችው።

«በሶ በጥብጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ኩባያ ወፍራም በሶ አለሽ። እንግዳ መጣብሽ። ውሃ ጨመርሽ፣ አራት ኩባያ ሆነ። በሶው ጨመረ?»

«አልጨመረም። ውሃው ነው የጨመረው።»

«በቃ። ሴሉም ያው ነው። ቁጥሩ አይነካም። መጀመሪያ ስንት ሴል ያስፈልገኛል በይ፣ ከዚያ ያንን ያህል ሴል ገና ካልቀጠነው ወፍራም በስንት ሚሊ ውስጥ አለ በይ፣ ያንን ቅጂ። የቀረውን በሚዲያ ሙዪው።»

ከዚያ ወዲህ ገባኝ። ለምሳሌ ቆጥረን በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ አገኘን እንበል። የሚፈለገው በአንድ ሚሊ ሁለት መቶ ሺህ ነው፣ መጠኑ መቶ ሃያ ሚሊ። ሁለት መቶ ሺህን በመቶ ሃያ ስታባዢው ሃያ አራት ሚሊዮን ሴል ያስፈልግሻል። ያ ደግሞ ሃያ ሚሊ ወፍራም ውስጥ አለ። ሃያ ሚሊ ወፍራም፣ መቶ ሚሊ ሚዲያ። «መቶ ነው እንጂ መቶ ሃያ አይደለም!» እያለች ትጮህብኛለች እትዬ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ የመጨረሻውን መጠን በሙሉ ሚዲያ አድርጎ ይደፋዋል። እኔም እከራከራታለሁ። ሳላውቅም እከራከራታለሁ። ቀኑ በዚያ ያልቅልናል።

ሌላም አለ። ከመቁጠራችን በፊት ጠብታው ላይ ሰማያዊ ቀለም እንጨምራለን። የሞተ ሴል ቀለሙን ይጠጣል፣ በሕይወት ያለው አያስገባውም። ለማቅጠን የሚቆጠረው ያለው ብቻ ነው።

የእትዬ እናት አዲስ አበባ ታመው ነበር። ልብ ነው። እግራቸው አብጦ ከቤት መውጣት ካቆሙ ከርመዋል። እትዬ ስምንት ዓመት ሙሉ አላየቻቸውም፤ አንድ ዓመት ወረቀት፣ አንድ ዓመት የልጅ ትምህርት፣ አንድ ዓመት ሌላ ነገር እያለ ሄደባት። በመጨረሻ ትኬት ቆረጠች። ለዓርብ ነበር። ፈቃዱን እንዲሰጧት ሳምንቱን በሙሉ ከሌላው ሰው ቀድማ ልትገባ ተስማማች፣ እኔም ከእሷ ጋር ስለምሄድ ጎህ ሳይቀድ ተጎተትኩ።

«እመቤቴ እስከዚያ ታቆይልኝ እንጂ» ትላለች መኪና ውስጥ። «የእናቴን ዓይኗን ብቻ ልይ። ሌላ አልፈልግም።»

እኔ እንዲህ ሲባል ምን እንደሚመለስ አላውቅም። «ታቆይልሻለች» ይላል ሌላ ሰው። እኔ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ዳር ጥቁር ጭቃ ሆኗል። እትዬ ደስ ብሏታል፣ ሁለት ቀን ነዋ የቀራት። ገባን፣ ካፖርታችንንና ስልካችንን ሎከር ውስጥ ቆለፍን፤ ላቦራቶሪ ስልክ አይገባም። የመጀመሪያው የዕረፍት ብሬክ ላይ እሷ ፍላስኮቹን እያየች ቀረች፣ እኔ ወጣሁ። ስልኬን ሳወጣ እናቴ ብዙ ጊዜ ደውላለች። መልሼ ደወልኩ።

«የት ነሽ?»

«ሥራ ነኛ። የት እሆናለሁ?»

«እሷስ?»

«ውስጥ ናት።»

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«የእትዬሽ እናት አርፈዋል።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ትናንት ነው። ዛሬ ተቀበሩ። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሰማሁ፣ ሰሞኑን ቀድማችሁ እንደምትወጡ የት አውቄ! ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ልናረዳት ክሪስታል ሄድን። በሩን ብናንኳኳ ልጅቷ በፒጃማ ወጥታ ‹ሺ ሌፍት ፎር ወርክ›፣ ሥራ ሄዳለች አትለንም! ያ ሁሉ ሰው ነጠላ ለብሶ በሩ ላይ ተገትሮ፣ ጎረቤቱ በመጋረጃ ያየናል። ፖሊስ ሳይጠራብን ብለን ገባን። እዚሁ ተቀምጠናል።»

መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው። ሰው ቤቱ ሳለ፣ ዘመድ ከብቦት፣ እግሩ መንገድ ሳይነካ። ይህንን አውቃለሁ። ግን ማለዳ ማለት እዚህ አገር ስንት ሰዓት እንደሆነ ማንም አስቦ አያውቅም። እትዬ ከማለዳቸው ቀድማ ወጥታ ነበር።

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዝም በይ። ሥራዋን ጨርሳ ይዘሻት ነይ። ሃይዌይ ላይ እሷ እንዳትነዳ፣ ሰበብ ፈልጊና አንቺ ድራይቭ አድርጊ። ደግሞ ስልኳን እንዳታይ። ያ የወንድሟ ልጅ ፎቶአቸውን ፌስቡክ ላይ ሻማ አድርጎበት ለጥፎታል። ደውለን አጥፋው ብንለው አያጠፋም።»

«እማዬ፣ እኔ መዋሸት አልችልም።»

«ዋሺ ማን አለሽ? ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አንዱ ኃጢአት ነው» አለችና ዘጋችው።

እኔ ይህንን ልማድ አልወደውም። ያኔም አልወደውም ነበር፣ ደጋግሜም ተናግሬያለሁ፤ የኔ ሰው ሲሞት ቴክስት አድርጉልኝ፣ ተሰብስባችሁ አታፍጡብኝ እላለሁ። የገዛ እናቷ ሞታ አገር በሙሉ አውቆ እሷ ብቻ የማታውቅበት ቀን ምን ይባላል? እንዲህ እያሰብኩ ተመልሼ ገባሁ፣ የሥራ ልብሴን ለበስኩ፣ ጭምብሌንና ጓንቴን አደረግሁ።

እትዬ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራ በጣቷ ቆጣሪዋን ታንቀጫቅጫለች።

«ነይ ነይ። ዛሬ እንዴት እንዳማረባቸው ብታዪ! ሰማያዊ የለም ማለት ይቻላል።»

አየሁ። እውነቷን ነው። መቁጠሪያው መስታወት ላይ በተሰመሩት ካሬዎች ውስጥ ያሉት ሁሉ ክብ፣ የሚያበሩ። ሰማያዊ የሆነው እዚህም እዚያም አንዳንድ ነው። ዓይኔን ከመነጽሩ ላይ ቶሎ አነሳሁ።

«ሚሊው አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ነው» አለች። «የሚፈልጉት ሦስት መቶ ሺህ፣ ዘጠና ሚሊ። በይ አንቺ አቅጥኚው። እኔ ሳህኖቹን ላዘጋጅ፣ ከዚያ ላንች እንበላለን። እናቴ ጋ መደወል አለብኝ፣ አሁን እዚያ እየመሸ ነው።»

ላንች ማለት ሎከር ማለት ነው፣ ሎከር ማለት ስልክ።

«ዘርተን እንጨርስና እንብላ» አልኳት።

«አንቺ? ምግብ አቆይተሽ?»

«አልራበኝም።»

ወደ ሳህኖቹ ዞረች። እኔ ሒሳቡን ጀመርኩ። ሦስት መቶ ሺህ በዘጠና፣ ሃያ ሰባት ሚሊዮን። ሃያ ሰባት ሚሊዮን በአሥራ አምስት ሚሊ ወፍራም ውስጥ አለ። አሥራ አምስቱን ቀዳሁ። እዚህ ድረስ ደህና ነኝ። ከዚያ ሚዲያውን አነሳሁና ዘጠና ሚሊ ሙሉውን ደፋሁበት። ሰባ አምስት መሆን ነበረበት። እጄ ሲደፋ እያየሁት ነበር፣ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር፤ ባለ ሻማው ፎቶ ምን ዓይነት ፎቶ ይሆን እያልኩ ነበር።

እትዬ መጥታ ጠርሙሱን አየችው። መስመሩ መቶ አምስት ላይ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? አንቺ ልጅ! ዘጠናውን በሙሉ ደፋሽው? በሶውን ውሃ አደረግሽው እኮ! ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ?»

ጠበቀች። እኔ ሁልጊዜ የምመልሰው አለኝ። መስመሩ አይታይም እላለሁ፣ አንቺ አጣደፍሽኝ እላለሁ፣ ከፈለግሽ ራስሽ ሥሪው እላለሁ።

«ይቅርታ እትዬ» አልኳት።

ሳቀች። «ይቅርታ? ከአንቺ አፍ? ዛሬ ምን ጉድ ነው? ምግብ አልፈልግም፣ ይቅርታ...»

ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ከጭምብሉ በላይ ዓይኗን ብቻ ነው የማየው። ፊቴን አየችው፣ ከዚያ የወጣሁበትን በር፣ ከዚያ እንደገና ፊቴን። እኔ ወደ ጠርሙሱ ዞርኩ። መዞሬ ነገሩን አባሰው።

የአየር ማጣሪያው ብቻ ይጮሃል።

«እንዳትነግሪኝ» አለች።

«እትዬ...»

«እንዳትነግሪኝ አልኩሽ። እዚህ አይደለም። ይህንን እናስተካክል። ሰዎቹ ዛሬ ይጠብቁታል። ወፍራሙ ተርፏል?»

«ተርፏል።»

የወረቀት ፎጣ ቀደደችና እስክሪብቶ አነሳች። ቁጥሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። እንደ ሁልጊዜው ድምጿን ከፍ አድርጋ አሰበችው፣ እኔን ለማስተማር ይሁን ራሷን ለመያዝ አላውቅም።

«አሁን መቶ አምስት ሚሊ አለን። ለመቶ አምስት ስንት ሴል ያስፈልጋል?»

«ሠላሳ አንድ ሚሊዮን ተኩል።»

«ያለን?»

«ሃያ ሰባት።»

«የጎደለው?»

«አራት ሚሊዮን ተኩል።»

«እሺ። አንድ ሚሊ ወፍራም ስንጨምር አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ይገባል። ግን ያቺ ሚሊ ራሷ መጠኑን ታሳድጋለች፣ ለራሷ ሦስት መቶ ሺህ ትወስዳለች። ለጎደለው የሚተርፈው?»

«አንድ ሚሊዮን ተኩል።»

«አራት ተኩልን በአንድ ተኩል።»

«ሦስት።»

«ሦስት ሚሊ» አለች። «ጨምሪ።»

ጨመርኩ። ጠርሙሱን በእርጋታ ገለበጥኩት፣ መለስኩት። ቀና ስል እንባዋ በጭምብሉ ጠርዝ ላይ ተጠራቅሟል። ጓንት ያደረገ እጅ ፊት አይነካም፣ ይህ የመጀመሪያው ቀን የሚነገር ሕግ ነው፤ እሷም ሁለት እጇን ፊቷ ሳይደርስ አየር ላይ እንደያዘች ቆማለች። ጓንቴን አወለቅሁና በባዶ እጄ ጠረግሁላት። ከዚያ አዲስ ጓንት አደረግሁ፣ ሁለታችንም ተቀምጠን ሳህኖቹን በሙሉ ዘራናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አላውቅም።

ጨርሰን ስንወጣ ሎከሯን ከፈተች። ስልኳን ስክሪኑን ወደ መዳፏ ገልብጣ አወጣችው፣ ሳታየው አጠፋችውና ኪሴ ውስጥ ጨመረችው። የመኪናውን ቁልፍም ሰጠችኝ። ሰበብ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ሱፐርቫይዘራችን ለምን ቀድመን እንደምንወጣ ጠየቀን። «ቤተሰብ» አልኩት። ሰውዬው ደግ ነው፣ ሌላ አልጠየቀም።

ሃይዌዩ ላይ እትዬ መስኮቱን እያየች ሄደች። የሚሲሲፒን ወንዝ ስንሻገር «ቤት ብዙ ሰው አለ?» አለችኝ።

መንገዱን አየሁ። ዝም በይ ተብያለሁ።

«ልጄ አጠገብ ሰው አለ?»

ይኼን ግን እንዴት ዝም ልበል? አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ቤቷ ስንታጠፍ መንገዱ በሁለቱም በኩል በሐበሻ መኪና ተሞልቷል። መኪና ራቅ አድርጎ ማቆም እንኳን ለማንም ትዝ አላለውም። አሁን የማያውቅ ሰው ቢኖር በዚያ ያውቃል።

«እኔ ስገባ ከኋላ ቅሪ» አለችኝ። «ፊትሽ ይናገራል። ነገረቻት ብለው ይቀየሙሻል።»

ከመኪናው ወርዳ ካፖርቷን አስተካከለች፣ ከሥራ እንደምትመለስ ሰው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩን ከፈተች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ በተከፈተው በር አያለሁ። ሳሎኑ ሙሉ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «ልጄ፣ እንግዲህ ሁላችንም የዚህች ዓለም እንግዶች ነን...» ሲሉ አልጨረሱም። እትዬ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ያዟት፣ «እማዬ፣ ሁለት ቀን! ሁለት ቀን ብቻ!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

እውነቱን ልናገር፣ ታስመስላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ታውቃለቻ። ሒሳብ እየሠራች ከጎኔ ያለቀሰች ሴት ናት፣ ለሰው ስትል ትጮሃለች ብዬ ነበር። ማስመሰል ግን አልነበረም። ያ ጩኸት ጠዋት የለም፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የለም፣ መኪና ውስጥ የለም። የት አስቀምጣው ዋለች?

እናቴ ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ።

«አልነገርሻትም አይደል?»

«አልነገርኳትም።»

«ተባረኪ» አለችኝ፣ ጭንቅላቴን ሳመችው። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው። የማላውቃቸው ሴትዮ ነበሩ የሞቱት፣ አንድ ጊዜ በቫይበር «ልጄን አደራ» ያሉኝ ሴትዮ።

ትኬቱን ምን ታድርገው ብለው እስከ ዓርብ ሊከራከሩ ተዘጋጅተው ነበር። አንዱ ይቅር አለ፣ ሌላው ለአርባው ትድረስ አለ። እትዬ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ቀና ብላ «ዓርብ እሄዳለሁ» አለች፣ ነገሩ አለቀ።

ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሊሸኝ የመጣው ሰው ብዙ ነበር፣ ተራው ላይ አብሬያት የቆምኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥቁር ለብሳለች፣ ፊቷ አብጧል። ሻንጣዋ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ የምትመዝነው ሠራተኛ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ ከብዷል አለችን፤ አንድ ነገር ይውጣለት። ሻንጣውን መሬት ላይ አጋደምነውና ከፈትኩት።

ላዩ በሙሉ የእናቷ ነው። ለእብጠት የሚደረገው ረጅም ካልሲ፣ እግር የማያጠብቅ ሰፊ ነጠላ ጫማ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የትልቅ ሰው ዳይፐር ሁለት ጥቅል፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ የሌሊት ልብስ የዋጋ ወረቀቱ ሳይነሳ። እኔ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ዳይፐሩን አነሳሁ።

«ይሄ ይውጣ እትዬ። አሁን ምን ይሠራል?»

ከእጄ ወስዳ ወደ ቦታው መለሰችው። ከሥር ገባችና የራሷን ማውጣት ጀመረች። ሹራቧን፣ ሁለት ቀሚስ፣ ሙቀት የሚሰጠውን ካፖርት፣ ለጉዞ ብላ የገዛችውን ጫማ። አንድ በአንድ ክንዴ ላይ ቆለለችው።

«ምን ልትለብሽ ነው?»

«ጥቁር ለብሻለሁ አይደል? እሱ ይበቃኛል።»

«እትዬ፣ እቃው ግን ለማን...»

«ይዤልሽ እመጣለሁ ብያታለሁ» አለች። «ሰኞ ለት ነው ያልኳት። ካልሲውን እንኳን ቀለሙን ጠይቃኛለች።»

ሻንጣውን እንደገና ሚዛን ላይ አወጣነው፣ አለፈ። ቀበቶው ላይ ተንሸራቶ ጥቁሩ መጋረጃ ውስጥ እስኪገባ ተከተለችው በዓይኗ። አቅፋ ሳመችኝ፤ መሃላችን በተቆለለው ልብስ ምክንያት በደንብ እንኳን አልተቃቀፍንም። ከዚያ ጫማዋን ልታወልቅ ወደ ፍተሻው ሰልፍ ገባች።

እኔ ልብሷን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ከሸኚዎቹ አንዷ መጥታ «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ረሳችው እንዴ?» አለችኝ።

«አልረሳችውም» አልኳትና ወደ መኪናው ሄድኩ።